ያረጁ የቅንጦት አውቶሞቢሎች በኢትዮጵያ

ያረጀ የቅንጦት አውቶሞቢል የሚባለው አዲስ በነበረበት ዘመን ከአምራቹ ውድ ሞዴሎች አንዱ የነበረ፣ አሁን ግን ብዙ ዓመት ያገለገለ የቤት አውቶሞቢል ነው። በዓለም ላይ በስፋት የሚታወቁት የመርሴዲስ ቤንዝ ኢ እና ኤስ ክላስ፣ የቢኤምደብልዩ 5 እና 7 ተከታታይ፣ የአውዲ እና የሌክሰስ ሞዴሎች ናቸው። የእነዚህ መኪኖች ዋና የኢኮኖሚ ባሕርይ የመሸጫ ዋጋቸው ከዕድሜያቸው ጋር ሲወርድ የመለዋወጫቸውና የጥገናቸው ዋጋ ግን አብሮ አለመውረዱ ነው። የ20 ዓመት መርሴዲስ ካምቢዮ ሲበላሽ የሚጠይቀው ዕቃና ሙያ መኪናው አዲስ በነበረበት ጊዜ ከሚጠይቀው አያንስም።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። በከፍተኛ ቀረጥና በውጭ ምንዛሪ እጥረት ምክንያት ያገለገለ መኪና እንደ አውሮፓ ወይም አሜሪካ በቶሎ አይረክስም። ስለዚህ ባለንብረቱ መኪናውን ሲገዛም ብዙ ገንዘብ ያወጣል፣ ሲጠግንም እንደዚያው። እንደ ሐዋሳ ባሉ ከዋና ከተማው የራቁ ከተሞች ደግሞ የርቀቱ ወጪ ይጨመርበታል።

አመጣጥ

ወደ ኢትዮጵያ የገቡ የቆዩ የቅንጦት መኪኖች መንገዳቸው የተለያየ ነው። ከፊሉ በኤምባሲዎችና በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ስም ከቀረጥ ነፃ ገብቶ ኋላ ቀረጡ ተከፍሎ የተሸጠ ነው። ከፊሉ ከውጭ አገር የተመለሱ ኢትዮጵያውያን ይዘውት የመጡት ሲሆን፣ ሌላው ነጋዴዎች ከአውሮፓና ከዱባይ ያገለገለ ገዝተው ያስገቡት ነው። ከእ.ኤ.አ. 1976 እስከ 1985 የተመረተው የመርሴዲስ ደብልዩ 123 እና የእሱ ተተኪ ደብልዩ 124 በጥንካሬያቸው በአፍሪካ ሁሉ ስም ያተረፉ ናቸው። ከእነሱ በኋላ የመጡት ሞዴሎች በኤሌክትሮኒክስ የበለጸጉ በመሆናቸው የሚጠይቁት የጥገና ዕውቀትም የተለየ ነው።

ቀረጥና ዋጋ

ቀደም ሲል በነበረው የኤክሳይስ ሕግ የሞተር ጉልበቱ ከ1,800 ሲሲ በላይ የሆነ አውቶሞቢል 100 በመቶ ይከፍል ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ግን ታክሱ ከመኪናው ዕድሜ ጋር እንዲጨምር አደረገ። ከ7 ዓመት በላይ ያገለገለና ከ1,800 ሲሲ በላይ የሆነ አውቶሞቢል 500 በመቶ ኤክሳይስ ተጣለበት።

ታክሶቹ አንዱ በሌላው ላይ ስለሚሰሉ ውጤቱ ከቁጥሩ የበለጠ ከባድ ነው። ለምሳሌ ወደብ እስኪደርስ ያለው ዋጋ 500,000 ብር የሆነ መኪና በ35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ 675,000 ብር ይሆናል። 500 በመቶ ኤክሳይስ ሲታከልበት 4,050,000፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከልበት 4,657,500፣ 10 በመቶ ሱር ታክስ ሲታከልበት ደግሞ 5,123,250 ብር ይደርሳል። በቀድሞው 100 በመቶ ኤክሳይስ የዚሁ መኪና ድምር 1,707,750 ብር ነበር። ሌሎች አነስተኛ ክፍያዎች በዚህ ስሌት አልተካተቱም።

ይህ ለውጥ አሮጌ የቅንጦት መኪና ማስገባትን የማያዋጣ አድርጎታል። በሌላ በኩል ቀድመው አገር ውስጥ የነበሩትን መኪኖች ዋጋ ከፍ አድርጎ አቆይቷል። ጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ሲያስታውቅ ይህ አዝማሚያ ተጠናከረ።

አውቶማቲክ ካምቢዮ

በኢትዮጵያ ጋራዦች የማርሽ ሳጥን የሚጠራው ከጣሊያንኛ በተወሰደው «ካምቢዮ» በሚለው ቃል ነው። ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኮፋኖና ኩሽኔታም ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። በብዛት ከተመረቱ መኪኖች መካከል ሙሉ በሙሉ አውቶማቲክ የሆነው የመጀመሪያው ካምቢዮ የጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ ሲሆን ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1939 ነበር።

አሠራር

በማንዋል መኪና ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ነው። በአውቶማቲክ ግን ይህን ሥራ የሚሠራው ቶርክ ኮንቨርተር የተባለ በዘይት የተሞላ ክፍል ነው። ሞተሩ አንዱን ማራገቢያ ሲያዞር የሚወረወረው ዘይት ሌላውን ማራገቢያ ያዞራል፤ ስለዚህ መኪናው ቆሞም ሞተሩ አይጠፋም። ማርሾቹ በፕላኔታዊ ጥርሶች የተሠሩ ሲሆኑ የትኛው ጥርስ እንደሚያዝና የትኛው እንደሚለቀቅ የሚወስኑት በካምቢዮው ውስጥ ያሉ የፍሪሲዮን ዲስኮች ናቸው። ዲስኮቹን የሚጨምቀው የዘይት ግፊት ነው። ግፊቱ የሚከፋፈለው ቫልቭ ቦዲ በሚባለው ክፍል ሲሆን፣ በዘመናዊዎቹ ላይ ቫልቮቹን የሚከፍቱና የሚዘጉት ከካምቢዮው ኮምፒውተር ትእዛዝ የሚቀበሉ ሶሌኖይዶች ናቸው።

ስለዚህ ዘይቱ አራት ሥራ አለው። ኃይል ያስተላልፋል፣ ዲስኮችን ይጨምቃል፣ ያለሰልሳል፣ ሙቀትም ይወስዳል። ዘይቱ ሲያረጅ አራቱም አብረው ይደክማሉ።

«የዕድሜ ልክ» ዘይት

መርሴዲስ ቤንዝ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በብዙ ሞዴሎቹ ላይ የተጠቀመበት ባለ 5 ማርሽ 722.6 ካምቢዮ መጀመሪያ ላይ ዘይቱ እንደማይቀየር ተነግሮለት ነበር። ኩባንያው ግን ኋላ ላይ ዘይቱ እንዲቀየር መምከር ጀመረ። ለቢኤምደብልዩ ካምቢዮ የሚያመርተው የጀርመኑ ዜድኤፍም መኪና አምራቾቹ «የዕድሜ ልክ» ቢሉም ዘይቱ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲቀየር ይመክራል። የ722.6 ካምቢዮ ባለንብረቱ የዘይቱን መጠን የሚያይበት ዘንግ የለውም። መጠኑ የሚለካው ዘይቱ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ሲሞቅ በልዩ የጋራዥ መለኪያ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ መኪኖች ባለቤት ሲቀያይሩ የካምቢዮ ዘይታቸው አንድ ጊዜ እንኳ ሳይታይ ይቆያል።

የተለመዱ ብልሽቶች

የሚከተሉት ምልክቶች በአብዛኛው ከካምቢዮ ጋር የተያያዙ ናቸው።

• ማርሽ ሲገባ መዘግየት፦ «ዲ» ወይም «አር» ላይ ተደርጎ መኪናው ከአንድ ሁለት ሰከንድ በላይ ሳይንቀሳቀስ መቆየት። የዘይት ማነስ ወይም የግፊት መውረድ ምልክት ነው።
• መንሸራተት፦ የሞተሩ ድምፅ ከፍ እያለ መኪናው ፍጥነት አለመጨመር። ዲስኮቹ መበላታቸውን ያሳያል።
• መምታት፦ ማርሽ ሲቀየር መኪናው በኃይል መግጨቱ። ከሶሌኖይድ ወይም ከቫልቭ ቦዲ ሊመጣ ይችላል።
• አንድ ማርሽ ላይ መቅረት፦ ኮምፒውተሩ ስህተት ሲያገኝ ካምቢዮውን ለመጠበቅ የሚወስደው እርምጃ ነው። 722.6 ካምቢዮ ሞተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ሁለተኛ ማርሽና የኋላ ማርሽ ብቻ ይሰጣል።

ሁሉም የካምቢዮ ምልክት ካምቢዮ ማውረድን አይጠይቅም። በ722.6 ላይ ከሚታወቁት ችግሮች አንዱ ገመዱ ወደ ካምቢዮው የሚገባበት ሶኬት ጎማው ደርቆ ዘይት ማሳለፉ ነው። ዘይቱ በገመዱ ውስጥ እየሳበ እስከ ካምቢዮው ኮምፒውተር ሊደርስ ይችላል። ሶኬቱ ራሱ ርካሽ ዕቃ ነው፤ ችግሩ በጊዜ ካልታየ ግን ኮምፒውተሩን ያበላሻል፣ አንዳንዴም ደህና ካምቢዮ ያለምክንያት ይፈታል።

ከዚህ የከፋው በራዲያተር በኩል የሚመጣው ነው። በብዙ መኪኖች የካምቢዮ ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ውስጥ በሚያልፍ ክፍል ነው። ይህ ክፍል ከውስጥ ሲሰነጠቅ የራዲያተሩ ፈሳሽ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል፤ የዲስኮቹን ሽፋን የያዘውን ማጣበቂያም ያላቅቃል። ያረጀ ራዲያተርን አስቀድሞ መቀየር ካምቢዮ ከማደስ እጅግ ያነሰ ወጪ ነው።

ኮድ ማንበብ

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996፣ በአውሮፓ ደግሞ ለቤንዚን መኪኖች ከ2001 ጀምሮ አዳዲስ አውቶሞቢሎች ወጥ የሆነ የምርመራ ሶኬት እንዲኖራቸው ግዴታ ሆኗል። መካኒኩ መሣሪያውን ሰክቶ የስህተት ኮዶችን ያነባል። ኮዱ የሚናገረው ግን ኮምፒውተሩ ያየውን እንጂ የተበላሸውን ዕቃ አይደለም። «የፍጥነት ሴንሰር ምልክት የለም» የሚል ኮድ ከሴንሰሩ፣ ከገመዱ፣ ከሶኬቱ ወይም ከደከመ ባትሪ ሊመጣ ይችላል። ኮዱን አይቶ ወዲያው ዕቃ መቀየር ያለ ጥቅም ገንዘብ ከሚወጣባቸው መንገዶች አንዱ ነው። ርካሽ መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ የሞተሩን ኮድ ብቻ ስለሚያነቡ የካምቢዮውን ለማየት ለሞዴሉ የሚስማማ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ሌሎች ውድ ብልሽቶች

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በተመረቱ አንዳንድ መርሴዲሶች የሞተሩ ገመድ ሽፋን በሙቀት እየተፈረፈረ ገመዶቹ እርስ በርስ ይነካካሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው ኤስ ክላስ ላይ የተገጠመው የአየር ተንጠልጣይ ሥርዓት ደግሞ ስፕሪንግ የለውም፤ መኪናውን የሚሸከሙት የአየር ከረጢቶች ናቸው። ከረጢቱ ሲያፈስ መኪናው ያደረበት ቦታ ወርዶ ይገኛል፣ ኮምፕረሰሩም ያለማቋረጥ እየሠራ ይቃጠላል። በእ.ኤ.አ. 2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት በወጣው ኢ ክላስ ላይ የነበረው ኤስቢሲ የተባለው በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ፍሬን እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ 680,000 የሚጠጉ መኪኖች ለእርማት እንዲጠሩ ምክንያት ሆኗል።

በሐዋሳ

የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። ከተማዋ ሜዳማ ስትሆን የውስጥ መጓጓዣዋ በአብዛኛው ባጃጅ ነው። ለቶዮታ መኪኖች የሞኤንኮ ቅርንጫፍ በከተማዋ አለ፤ እንደ ኮሮላና ቪትዝ ያሉ መኪኖችን ዕቃም ሙያም በቅርብ ማግኘት ይቻላል። ለአውሮፓ የቅንጦት መኪና ግን ያገለገለ ካምቢዮ ወይም ቫልቭ ቦዲ የሚፈለገው አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ፣ በተለይም መርካቶ አካባቢ ባለው ሶማሌ ተራ ነው።

እዚህ ላይ የአውቶማቲክ ካምቢዮ አንድ ባሕርይ ከርቀቱ ጋር ይጋጫል። የካምቢዮው የዘይት ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ስለሆነ ሞተሩ ጠፍቶ መኪናው ሲጎተት ውስጡ ዘይት አያገኝም። የመርሴዲስ መመሪያዎች ጎማው መሬት ነክቶ የሚደረግን ጉተታ በተለምዶ በ50 ኪሎ ሜትርና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይገድባሉ። ስለዚህ ሐዋሳ ላይ የቆመ መኪና በገመድ ተጎትቶ ሻሸመኔ ሊደርስ ይችላል፤ አዲስ አበባ ግን የሚሄደው በሎቤድ ተጭኖ ነው። ባትሪ የሞተበትን አውቶማቲክ በግፊያ ማስነሳትም በዚሁ ምክንያት አይቻልም።

መጠገን ወይስ መሸጥ

ባለንብረቶች በተደጋጋሚ የሚገጥማቸው ጥያቄ ይህ ነው። የተለመደው አስተሳሰብ «ይህን ያህል አውጥቼበት እንዴት እሸጠዋለሁ» የሚል ነው። በኢኮኖሚክስ ዕይታ ግን የወጣ ገንዘብ ተመልሶ ስለማይመጣ ውሳኔው ውስጥ መግባት የለበትም። የሚነጻጸሩት መኪናው እንዳለ ቢሸጥ የሚያወጣው ዋጋ፣ ከተጠገነ በኋላ የሚያወጣው ዋጋ፣ የጥገናው ወጪና መኪናው ከዚያ በኋላ የሚሰጠው አገልግሎት ናቸው። ጥገናው የመኪናውን ዋጋ ከወጪው በላይ ከፍ የሚያደርግ ከሆነ፣ ወይም በተመሳሳይ ገንዘብ ሌላ አስተማማኝ መኪና የማይገኝ ከሆነ መጠገን ያዋጣል። በኢትዮጵያ ምትክ መኪና ውድ ስለሆነ በሌላ አገር የሚጣል መኪና እዚህ መጠገኑ ብዙ ጊዜ ትክክለኛ ውሳኔ ይሆናል።

ያገለገለ ካምቢዮ ሲገዛ ቁጥሩ ከአሮጌው ጋር መመሳሰሉ መረጋገጥ አለበት። ከውጭ አንድ የሚመስሉ ሁለት ካምቢዮዎች የማርሽ ምጣኔያቸው ወይም ሶኬታቸው ሊለያይ ይችላል። ሞተሩ ራሱ ከተቀየረ ደግሞ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬ ላይ ስለሚጻፍ ለውጡ መመዝገብ ይኖርበታል።

ከመግዛት በፊት የሚደረግ ምርመራ

• መኪናውን ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ማስነሳት። ሻጩ አስቀድሞ ካሞቀው የማርሽ መዘግየት ላይታይ ይችላል።
• ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መንዳት፣ ዳገትም ማውጣት። ብዙ የካምቢዮ ችግር የሚታየው ዘይቱ ሲሞቅ ነው።
• የዘይቱን ቀለምና ሽታ ማየት። ብዙው የአውቶማቲክ ዘይት አዲስ ሲሆን ቀይ ነው፤ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው ዲስኮቹ ተጎድተዋል።
• ኮዶቹን ማስነበብ። ምንም ኮድ ከሌለ መኪናው የራሱን ፍተሻዎች ማጠናቀቁን መመልከት ያስፈልጋል፤ ፍተሻዎቹ «ያልተጠናቀቁ» ከሆኑ ኮዱ በቅርቡ ተሰርዞ ወይም ባትሪው ተነቅሎ ሊሆን ይችላል።
• የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ማመሳከር።

የ2016 ለውጦች

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መለዋወጫ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ በመሆኑ በዶላር ዋጋው ያልተለወጠ ዕቃ በብር እጥፍ ወደመሆን ተጠጋ። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች መግባት ማቆማቸው ደግሞ ለመለዋወጫነት የሚፈቱ አሮጌ መኪኖች ቁጥር ከጊዜ ወደ ጊዜ እንዲቀንስ የሚያደርግ ነው። በአንጻሩ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው የሚገቡ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ከኤክሳይስ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ ሆነው 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ እንዲከፍሉ ተደርጎ ነበር። አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች አንድ ማርሽ ብቻ ያላቸው ስለሆኑ ቶርክ ኮንቨርተርም ሆነ ቫልቭ ቦዲ የላቸውም፤ በእነሱ ላይ ትልቁ የዕድሜ ጥያቄ የባትሪው ነው።