የቀረጹትን መልሶ ማግኘት፦ የቪዲዮ ማደራጃ ሶፍትዌር ለባሌ ኤዲተሮች ምን ይጠቅማል?

ጊኒር ላይ ሰርግ የሚቀርጽ አንድ ስቱዲዮ እናስብ። ሁለት ካሜራ አለው፤ የሚቀርጸውም በፎርኬ ነው። ካሜራው በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚጽፍ ከሆነ የአንድ ሰዓት ቀረጻ 45 ጊጋባይት ይይዛል። ሁለቱ ካሜራዎች አምስት አምስት ሰዓት ከሠሩ አንዱ ሰርግ ብቻውን 450 ጊጋባይት ይሆናል። አራት ሰርግ ሲጠራቀም ባለ ሁለት ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ኤዲተሩ ቆርጦ፣ ሙዚቃ አስገብቶ፣ በፍላሽ አስረክቦ ወደሚቀጥለው ሥራ ያልፋል። ከሦስት ዓመት በኋላ ሙሽራው ተመልሶ ይመጣና፣ «ወንድሜ፣ አባቴ አርፈዋል። በሰርጌ ቀን ሲመርቁኝ የተቀረጸው ሙሉው ይኖር ይሆን? ፊልሙ ላይ የገባው ትንሽ ነው» ይላል።

ቀረጻው አልጠፋም እንበል። ቢሆንም በየትኛው ዲስክ፣ በየትኛው ፎልደር፣ በምን ስም እንደተቀመጠ የሚያውቅ ከሌለ ከጠፋ አይሻልም። የሚዲያ ማደራጃ ሶፍትዌር የሚባለው መሣሪያ የተሠራው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። ኤዲተሮች ግን ስለ ጥቅሙ አይስማሙም። አንዳንዱ ያለ እሱ ሥራ አልጀምርም ይላል፤ ሌላው ፎልደሬን በሥርዓት ከሰየምኩ ምን ያደርግልኛል ብሎ ይተወዋል። ሁለቱም ምክንያት አላቸው።

ችግሩ የሚጀምረው ከካሜራው ነው። ካሜራ ለቀረጸው ነገር ስም አያወጣም፤ ቁጥር ብቻ ይሰጣል። ብዙዎቹ የሶኒ ካሜራዎች የመጀመሪያውን ክሊፕ «ሲ0001» ብለው ይሰይማሉ፤ ካርዱ ተጠርጎ እንደገና ሲገባ ቁጥሩ ከመጀመሪያው ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ሰባት ሰርግ የቀረጸ ካሜራ ሰባት «ሲ0001» ሊተው ይችላል። ጎፕሮ ደግሞ ረጅሙን ቀረጻ ቆራርጦ በየፋይሉ ያስቀምጠዋል፤ የቁርጥራጮቹን ቅደም ተከተል ከስማቸው ማወቅ ለለመደው ሰው እንጂ ለአዲስ ሠራተኛ አይታየውም።

በዚህ ላይ የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ አሠራር ይጨመራል። ፕሪሚየር ፕሮ ቀረጻውን ወደ ራሱ አያስገባም፤ ፋይሉ የሚገኝበትን አድራሻ ብቻ ይይዛል። ፋይሉ ወደ ሌላ ፎልደር ከተዛወረ ወይም ስሙ ከተቀየረ ፕሮግራሙ «ሚዲያ ኦፍላይን» የሚለውን ቀይ ገጽ ያመጣል። ኤዲተሩ አድራሻውን መልሶ ሲያገናኝ በጥድፊያ የሌላውን ሰርግ «ሲ0001» ሊሰጠው ይችላል፤ ያኔ የአንዱ ሙሽራ ምስል በሌላው ፊልም ላይ ይገባል።

ማደራጃው ሶፍትዌር የሚሠራው እንደ ጥሩ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ዲስኩን ከላይ እስከ ታች ያነባል፤ ከየፋይሉ ቀኑን፣ ርዝመቱን፣ ጥራቱንና የካሜራውን ዓይነት ይመዘግባል፤ ትንሽ ቅድመ እይታም ያዘጋጃል። ከዚያ በኋላ ሰው የሚያውቀውን ይጨምርበታል፦ ቁልፍ ቃል፣ ደረጃ፣ መግለጫ፣ «ምርቃቱ ከዚህ እስከዚህ ነው» የሚል ምልክት። ፍለጋው በእነዚህ ሁሉ ይካሄዳል። እንደ ኒዮፋይንደርና ካትዲቪ ያሉት የዲስኩን ዝርዝር በራሳቸው ካታሎግ ውስጥ ስለሚያስቀምጡ፣ ዲስኩ ተነቅሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ቢሆንም በውስጡ ምን እንዳለ ያሳያሉ። አሥር ዲስክ እየሰኩ መፈተሽ ቀርቶ የሚፈለገውን አንዱን ብቻ ማውጣት ይቻላል።

መሣሪያዎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። የመጀመሪያዎቹ ቀረጻውን ከካርድ ወደ ዲስክ የሚገለብጡና ቅጂው ከዋናው ጋር ልክ መሆኑን በሒሳብ የሚያረጋግጡ ናቸው፤ ሲልቨርስታክ የዚህ ወገን ነው። ሁለተኛዎቹ፣ እንደ አዶቤ ብሪጅና ካይኖ ያሉት፣ ያለውን እያሳዩ መሰየምና መለየት ያስችላሉ። ሦስተኛዎቹ ብዙ ሰው አንድን ክምችት ለሚጋራባቸው የቴሌቪዥን ጣቢያዎችና ትልልቅ ድርጅቶች የተሠሩ ናቸው። ከዚህ ሌላ የኤዲቲንግ ፕሮግራሞቹ ራሳቸው የማደራጃ ክፍል አላቸው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2011 ፋይናል ከት ፕሮን እንደ አዲስ ሲሠራው ቁልፍ ቃልን የአሠራሩ መሠረት አድርጎታል። ዳቪንቺ ሪዞልቭም በነፃ በሚሰጠው ቅጂው ጭምር ቁልፍ ቃል ይቀበላል፤ ካርድን አረጋግጦ የሚገለብጥ ክፍልም አለው።

«አያስፈልገኝም» የሚለው ኤዲተር በአብዛኛው የሚያነሳው ይህን የመጨረሻውን ነው። ፕሮግራሜ ውስጥ ያለው ይበቃኛል ይላል። ለአንድ ፕሮጀክት እውነቱን ነው። ችግሩ፣ በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ የተጻፈው ቁልፍ ቃል ብዙ ጊዜ እዚያው ታስሮ መቅረቱ ነው። የዘንድሮው ፕሮጀክት ያምናው ፕሮጀክት ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም። ማደራጃ ሶፍትዌር ዋጋ የሚኖረው ፕሮጀክቶችን አቋርጦ ሲፈልግ ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያ የበለጠ ክብደት አለው፦ ሶፍትዌር ይሞታል። አፕል ፋይናል ከት ሰርቨር የተባለውን የማደራጃ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2008 ለገበያ አቅርቦ በ2011 አቆመው። አዶቤ በ2012 ያወጣውን ፕሪሉድ በ2021 ከመሸጫ ዝርዝሩ አነሳው። የዓመታት ድካሙን በአንድ ፕሮግራም የመረጃ ቋት ውስጥ ብቻ ያኖረ ሰው፣ ፕሮግራሙ ሲቋረጥ ቀረጻው በእጁ እያለ ዕውቀቱ ያመልጠዋል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ያለበት «የጻፍኩት የት ይቀመጣል?» የሚለው ነው። አዶቤ እ.ኤ.አ. በ2001 ያስተዋወቀውና በ2012 ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው ኤክስኤምፒ የተባለው ሥርዓት መግለጫውን በፋይሉ ውስጥ ወይም ከጎኑ በሚቀመጥ ትንሽ ፋይል ውስጥ ይጽፋል፤ ሌሎች ፕሮግራሞችም ያነቡታል። ሪዞልቭም ዝርዝሩን ኤክሴል በሚከፍተው ሠንጠረዥ ያወጣል። እንዲህ ያለ መውጫ የሌለው ሶፍትዌር የቱንም ያህል ቢያምር ለረጅም ጊዜ ክምችት አይታመንም።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። በውጭ ምንዛሪ በየወሩ የሚከፈል ሶፍትዌር ለአንድ የጊኒር ወይም የሮቤ ስቱዲዮ ቀላል አይደለም። ደግነቱ መጀመሪያው ያን ያህል አያስከፍልም። ብሪጅ የአዶቤን ወርሃዊ ክፍያ ሳይጠይቅ ይሠራል፤ የሪዞልቭ ነፃ ቅጂ አለ፤ ለፎቶና ለቪዲዮ የሚሆነው ዲጂካም ነፃና ኮዱ ክፍት ነው።

ከዚህ በላይ የእኛን አገር ኤዲተር የሚፈትነው የቀን አቆጣጠራችን ነው። ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም. የተደገሰ ሰርግ ካሜራው ላይ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 2025 ተብሎ ይመዘገባል። ደንበኛው ጥርን ይጠይቃል፤ ሶፍትዌሩ የሚያውቀው ጃንዋሪን ነው። ኤዲተሩ ፎልደሩን በወር ስም ቢጀምረው ኮምፒውተሩ በፊደል ተራ ስለሚደረድር ሐምሌ ከመስከረም ይቀድማል፤ ጥርም ከጥቅምት በፊት ይመጣል። በቁጥር «2017-05-18» ብሎ ቢጽፈው ተራው ይስተካከላል፤ ሆኖም ሌላ ሰው ሲያየው የፈረንጆቹ ሜይ 2017 ሊመስለው ይችላል። መፍትሔው አንዱን አቆጣጠር መርጦ መጽናት ነው፤ የኛን የመረጠ ከፊቱ «ኢ» ጨምሮ «ኢ2017-05-18» ቢል ግልጽ ይሆናል። ሌላኛው ቀን በመግለጫው ውስጥ ይግባ።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። አንዱ ካሜራ በኢትዮጵያ ሰዓት፣ ሌላው በፈረንጆቹ ከተሞላ፣ በአንድ ቅጽበት የተቀረጹት ሁለት ክሊፖች በስድስት ሰዓት ተራርቀው ይደረደራሉ። ከቀረጻ በፊት የሁሉንም ካሜራ ሰዓት እኩል ማድረግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ኤዲት ሲደረግ ግን የብዙ ሰዓት ድካም ያስቀራል።

ሦስተኛው የፊደላችን ነገር ነው። ኮምፒውተር «ሰርግ» እና «ሠርግ» አንድ መሆናቸውን በራሱ አያውቅም። ዛሬ በአንዱ፣ ነገ በሌላው የጻፈ ሰው ሲፈልግ ግማሹን ብቻ ያገኛል። ባሌ ላይ ደግሞ ሥራው በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ስለሚካሄድ አንዱ ሠራተኛ የቦታውን ስም በቁቤ፣ ሌላው በፊደል ይጽፈዋል፤ በቁቤም ቢሆን አናባቢውን አንዱ ሲደጋግመው ሌላው ይተወዋል። ስለዚህ ከሶፍትዌሩ በፊት አንድ ገጽ የቃላት ዝርዝር ያስፈልጋል፦ ሰርግ፣ ኒካህ፣ ምርቃት፣ ፈረስ፣ ሽማግሌዎች፣ ሶፍ ዑመር፣ ሳነቴ። አጻጻፋቸው ይወሰንና ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ከዚያ ውጭ ማንም አይጻፍ።

አዳዲሶቹ ፕሮግራሞች ምስሉን አይተው ራሳቸው መለየት ጀምረዋል። ፕሪሚየር ፕሮ እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ ፈረስ ወይም ተራራ የሚታይባቸውን ክሊፖች በመግለጫ የሚፈልግ ክፍል አለው። ይህ ብዙ ጊዜ ይቆጥባል። ነገር ግን ማሽኑ ፈረሱን እንጂ የፈረሰኛውን ስም አያውቅም፤ አዛውንቱን እንጂ የሙሽራው አባት መሆናቸውን አያውቅም። ያንን የሚያውቀው በዕለቱ እዚያ የነበረው ቀራጭ ነው፤ እሱም ቢሆን በሳምንቱ መጨረሻ መርሳት ይጀምራል።

ታዲያ ማን ይጠቀምበት? መለያው የቀረጹትን ደግሞ መጠቀም ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። 4,377 ሜትር ከፍታ ያለውን ቱሉ ዲምቱን፣ የሳነቴን ቀይ ቀበሮ፣ የደጋ አጋዘኑን፣ የሀረና ደንን የቀረጸ ኤዲተር ያንን ምስል ለአንድ ማስታወቂያ ተጠቅሞ አይጨርሰውም። በክረምት ጭጋግ የተቀረጸው ለአንዱ ፊልም፣ በበጋ ጠዋት የተቀረጸው ለሌላው ይውላል። የወይብ ወንዝ ሰርስሮ ያወጣው የሶፍ ዑመር ዋሻና የድሬ ሼክ ሁሴን የዝያራ ጉዞም እንዲሁ በየዓመቱ ዋጋቸው የሚጨምር ቀረጻዎች ናቸው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ማደራጃ ሶፍትዌር ወጪው አይቆጭም፤ ክምችቱ ወደ ገቢ የሚለወጥበት መንገድ ነውና። ሰርግ ሠርቶ ለሚያስረክብና ወደ ድሮው ለማይመለስ ግን በሥርዓት የተሰየመ ፎልደርና አንድ የኤክሴል ሠንጠረዥ ይበቁታል፤ ገንዘቡን ለተጨማሪ ዲስክ ቢያውለው ይሻላል።

ተጨማሪ ዲስክ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ፎቶ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስለመደው የሦስት ሁለት አንድ ደንብ አለ፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሥራው ቦታ ውጭ። መብራት በድንገት ሲጠፋ ወይም ዲስኩ በሥርዓት ሳይወጣ ሲነቀል፣ በተለይ በኤክስፋት የተዘጋጀ ዲስክ የፋይል ዝርዝሩ ሊበላሽበት ይችላል። ካታሎግ የጠፋን ቀረጻ አይመልስም፤ ምን እንደጠፋ ይነግራል እንጂ። አንዱ ቅጂ ጊኒር ከሆነ ሌላው ሮቤ ወይም ጎባ ዘመድ ቤት ይቀመጥ።

የተቀመጠ ምስል ምን ያህል ጉልበት እንዳለው የአገራችን ታሪክ ይመሰክራል። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ለዓለም ያሳየው የወሎ ረሃብ ዘገባ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተጣምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ። የግብዣው ፊልም ሲቀረጽ ለዚያ ምሽት ታስቦ አልነበረም፤ ተቀምጦ ስለቆየና በተፈለገ ጊዜ ስለተገኘ ግን በታሪክ ውስጥ ገባ። ዛሬ በየከተማው ያሉ የሰርግና የበዓል ቀራጮች ሳያውቁት የአካባቢያቸውን መዝገብ እየያዙ ነው። የሽማግሌዎች ምርቃት፣ የፈረስ ጉግሥ፣ የድሮው የጊኒር ገበያ መልክ ከእነሱ ዲስክ በቀር የትም ላይገኝ ይችላል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። ካርዱ ሳይጠረግ ሙሉ ፎልደሩ በሁለት ዲስክ ይገልበጥ። ፎልደሩ ቀን፣ ቦታና ደንበኛ ይኑረው፤ ዲስኩም ቁጥር ይለጠፍበት። በዚያው ሳምንት፣ ሳይረሳ፣ ለዋና ዋናዎቹ ክሊፖች ከዝርዝሩ ቁልፍ ቃል ይጻፍላቸው። ይህን ሁለት ሦስት ወር በነፃው መሣሪያ የሞከረ ሰው የሚከፈልበት ያስፈልገው እንደሆነ ራሱ ያውቀዋል፤ ያልሞከረ ግን ውድ ሶፍትዌር ቢገዛም ባዶ ካታሎግ ይዞ ይቀራል። የቆየውን ክምችት በአንድ ጊዜ ለማስተካከል የተነሳ ደግሞ በአብዛኛው መሃል ላይ ይተወዋል። ከሚቀጥለው ቀረጻ ይጀመር፤ የድሮው ሥራ በቀዘቀዘበት ወር አንድ አንድ ዲስክ እየተባለ ይደርሳል።