ስኮን፦ መታሸት የማይወደው ዳቦ

ዳቦ ለመጋገር የተነሳ ሰው ከእናቱ የሚሰማው የመጀመሪያ ምክር ሊጡን ደህና አድርጎ ማሸት ነው። ክንድ እስኪዝል ይታሻል፤ ከዚያ ተሸፍኖ ኩፍ እስኪል ይጠበቃል። የብሪታኒያው ስኮን ግን ለዚህ ደንብ አይገዛም። የሚያምረው ሳይታሽ ነው፤ እርሾም አይፈልግም። ዱቄቱ ከተነፋበት ሰዓት አንስቶ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆን ትኩስ ትኩሱ ገበታ ላይ ይቀርባል። እንግዳ ድንገት ለመጣበት ቤት፣ ወይም ቅዳሜ ጠዋት አርፍዶ ቁርስ ለሚበላ ቤተሰብ፣ ከዚህ የሚፈጥን ዳቦ ማግኘት ይከብዳል።

አገሩ ስኮትላንድ ነው። ገጣሚው ጋቪን ዳግላስ እ.ኤ.አ. በ1513 የጥንቱን ሮማዊ ገጣሚ የቨርጂልን ኤኒድ ወደ አገሩ ቋንቋ መልሶ ሲጨርስ ስኮን ከስንኞቹ መካከል ተጠቅሶ ነበር። የዚያ ዘመኑ ስኮን ዛሬ በየሻይ ቤቱ ከሚታየው ጋር ብዙም አይመሳሰልም። ከአጃ ወይም ከገብስ ዱቄት ተለውሶ፣ ስስና ክብ ሆኖ፣ በብረት ምጣድ ላይ የሚጋገር ቂጣ ነበር፤ ክቡ አራት ቦታ ተቆርጦ ሦስት ማዕዘን ይሆናል። ዛሬም አሜሪካኖች ስኮናቸውን በሦስት ማዕዘን ይቆርጡታል፤ እንግሊዞች ግን ክብ አድርገውታል።

ስስ የነበረው ቂጣ ቁመት ያገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ለዚህም ትልቁን ድርሻ የያዘው የበርሚንግሃሙ የመድኃኒት ቀማሚ አልፍሬድ በርድ ነው። ባለቤቱ እንቁላልም እርሾም አይስማማትም ነበር። በርድ በመጀመሪያ እንቁላል የሌለበት የከስተርድ ዱቄት አዘጋጀላት፤ እ.ኤ.አ. በ1843 ደግሞ ያለ እርሾ ሊጥ የሚያስነሳ ቤኪንግ ፓውደር ቀመረ። ከሁለት ዓመት በኋላ የብሪስቶሉ ዳቦ ጋጋሪ ሄንሪ ጆንስ ማስነሻው አብሮት የተቀላቀለ ዱቄት አዘጋጅቶ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1840 አካባቢ፣ የቤድፎርድ መስፍን ባለቤት አና ራስል በምሳና በእራት መካከል ያለው ጊዜ ረዝሞባቸው የከሰዓት ሻይ ከዳቦና ከኬክ ጋር ማስቀረብ እንደጀመሩ ይነገርላቸዋል። ስኮን ከቤኪንግ ፓውደር ቁመቱን፣ ከከሰዓት ሻይ ደግሞ ክብሩን አገኘ ማለት ነው።

ታዲያ ለምን አይታሽም? የስንዴ ዱቄት ውሃ ሲነካውና ሲታሽ በውስጡ ያለው ፕሮቲን ተያይዞ ግሉተን የሚባል የሚለጠጥ መረብ ይሠራል። በእርሾ የሚነሳ ዳቦ ያለዚህ መረብ አይቆምም፤ ለሰዓታት የሚወጣውን አየር አፍኖ የሚይዝለት እሱ ነው። ስኮን ግን የሚነሳው ኦቭን ውስጥ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ስለሆነ ጠንካራ መረብ ይጎዳዋል እንጂ አይጠቅመውም፤ ሲታኘክ እንደ ጎማ ይሆናል። ቅቤው የሚገባውም ለዚሁ ነው። ቀዝቃዛ ቅቤ ተቆራርጦ ከዱቄቱ ጋር በጣት ጫፍ ሲታሽ የዱቄቱን ቅንጣት በስብ ይሸፍነዋል፤ ውሃ እንደልቡ አይደርስበትም፤ ግሉተኑም ይዳከማል። ሳይሟሟ የቀረው ትንንሽ የቅቤ ቁራጭ ደግሞ ኦቭን ውስጥ ሲቀልጥ ቦታው ክፍት ይሆናል፤ በቅቤው ውስጥ የነበረው ውሃም ተንኖ ሊጡን ወደ ላይ ይገፋዋል። ሲገመስ በንብርብር የሚላቀቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ለስምንት ያህል ስኮን 250 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ቁንጥር ጨው አንድ ላይ ይነፋሉ። 60 ግራም ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤ ይገባና ድብልቁ የዳቦ ፍርፋሪ እስኪመስል ይታሻል፤ ማሸት የሚፈቀደው እዚህ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ 40 ግራም ስኳርና አንድ እፍኝ ዘቢብ ይጨመራል። መሐሉ ተከፍቶ 150 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ወተት ይፈስበታል፤ በቢላዋ ጀርባ ጥቂት ጊዜ ብቻ ይማሰላል። ሊጡ ሻካራና ትንሽ የሚያጣብቅ ቢሆን ደግ ነው፤ ለማለስለስ የሚደረግ ጥረት ሁሉ ኪሳራ ነው። ዱቄት በተነሰነሰበት ጠረጴዛ ላይ በመዳፍ ቀስ ብሎ ይደፈጠጣል፤ ውፍረቱ ከሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል አያንስ። በመዳመጫ የሳሳ ሊጥ ኦቭን ተአምር አይሠራለትም።

አቆራረጡም የራሱ ዘዴ አለው። አፉ ስል የሆነ ክብ መቁረጫ ዱቄት ነክቶ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይጫናል፤ መጠምዘዝ የለበትም። ከጠመዘዙት ጠርዙ ይጣበቅና ስኮኑ አንድ ጎኑ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ ይወጣል። አናቱ ብቻ ወተት ወይም እንቁላል ይቀባል፤ በጎኑ ከወረደ እሱም አጣብቆ ይይዘዋል። ቀድሞ 220 ዲግሪ በሞቀ ኦቭን ውስጥ 12 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ቤኪንግ ፓውደር እርጥበት ሲነካው ጀምሮ ሥራ ላይ ስለሆነ የተቆረጠው ሊጥ ጠረጴዛ ላይ መዋል የለበትም።

ይህ ልክ በባሕር ወለል አጠገብ ላለ ማዕድ ቤት የተሰፋ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ጋዙ ቶሎ ይለጠጣል፤ ውሃውም 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ስለዚህ ስኮኑ ፈጥኖ ተነስቶ፣ መሐሉ ሳይበስል መልሶ ሊሟሽሽ ይችላል፤ ቶሎም ይደርቃል። ቤኪንግ ፓውደሩን ሩብ ያህል መቀነስና አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወተት መጨመር ጥሩ መነሻ ነው። ንጥር ቅቤ አይመከርም፤ ቅመሙ ስኳሩን ከመጋፋቱ በላይ ሲነጠር ውሃው ስለወጣ የሚያነሳ እንፋሎት አይሰጥም። አሬራ ግን ግሩም ነው። ስኮትላንዳውያንና አየርላንዳውያን ባለሙያዎች ከቤኪንግ ሶዳ ጋር ሲያጣምሩት የኖሩት ይህንኑ ቅቤ የወጣለትን ጎምዛዛ ወተት ነው፤ ጉምዛዜው ሶዳውን ይቀሰቅሰዋል፣ ሊጡንም ያለሰልሳል። በወተት ፈንታ አሬራ የሚያስገባ ሰው ሩብ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ይጨምርና ከቤኪንግ ፓውደሩ ላይ ይቀንሳል። በጾም ማርጋሪንና የአኩሪ አተር ወተት ይተካሉ፤ የሚበላበትን ሰዓት ጿሚው ያውቃል።

እንግሊዞች የሚጣሉት በአጋገሩ ሳይሆን በአቀባቡ ነው። ስኮኑ በእጅ ለሁለት ይገመስና ማርማላታና ክሎትድ ክሬም ይደረግበታል። ክሎትድ ክሬም ቀስ ብሎ ሞቆ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ አናቱ ላይ ረግቶ የሚገፈፍ ወፍራም ክሬም ነው፤ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በኮርንዎል የሚሠራው ቢያንስ 55 በመቶ ስብ አለው፣ ስሙም እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው። የጎረቤቱ የዴቨን ሰው ክሬሙን አስቀድሞ ማርማላታውን ከላይ ያደርጋል፤ የኮርንዎል ሰው በተቃራኒው። እ.ኤ.አ. በ2018 ኮርንዎል ውስጥ ያለው ታሪካዊው የላንሃይድሮክ ቤት የእናቶች ቀን ግብዣውን ሲያስተዋውቅ ክሬሙ ከሥር የሆነ ስኮን በፎቶ አወጣ። የአካባቢው ሰው ተቆጣ፤ ቤቱም ይቅርታ ጠየቀ። ጣዕሙ እንደሁ ያው ነው።

በምጣድ የሚጋገረው የጥንቱ ዓይነትም ጨርሶ አልጠፋም። ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት እ.ኤ.አ. በጥር 1960 ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በጻፉት ደብዳቤ፣ ፕሬዚዳንቱ ባለፈው በጋ በስኮትላንዱ የባልሞራል ቤተ መንግሥት በእንግድነት ሳሉ ቃል የገቡላቸውን የስኮን አሠራር ልከውላቸዋል። በማንኪያ ምጣድ ላይ ጠብ የሚደረግ፣ ወደ ፓንኬክ የሚጠጋ ነው። በአውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ ደግሞ ታዋቂው የዱባ ስኮን ነው፤ ያስተዋወቁት የግዛቲቱ መሪ ባለቤት የነበሩትና በኋላ ሴናተር የሆኑት ፍሎ ቢየልኪ ፒተርሰን ናቸው። ተቀቅሎ የተፈጨና የቀዘቀዘ ዱባ ከሊጡ ጋር ሲገባ ቀለሙ ብርቱካናማ ይሆናል፤ እርጥበቱም ይቆያል።

ተራው ስኮን ግን በማግስቱ ይደርቃል። ልማድ ያደረጉት ሰዎች ማታ ሊጡን ቆርጠው ጥሬውን ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ ጠዋት ሳይቀልጥ በቀጥታ ኦቭን ውስጥ ይገባል፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ብቻ ይጨመርለታል።