«አሉታዊ ማጠናከሪያ» እና ቅጣት፦ በሥነ ልቡና ፈተና የሚታይ የስያሜ ችግር

የሥነ ልቡናን መሠረታዊ ጽንሰ ሐሳቦች የሚመዝን ፈተና ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ ስሕተቱ የተፈታኙ ይሁን የቃሉ መለየት ያስቸግራል። ለምሳሌ «ስብእና» በተለመደው አነጋገር ምስጋናን ያዘለ በመሆኑ፣ ክፉ ሰውም ስብእና አለው ማለት ለተፈታኙ እንግዳ ይሆንበታል።

ከሁሉ የከበደው ግን ስለ መማር በሚያጠናው ዘርፍ ያለው «አሉታዊ ማጠናከሪያ» ነው። አንዲት እናት ልጇ መጽሐፉን እስኪያነሣ ትጨቀጭቀዋለች፤ ሲያነሣ ዝም ትላለች። ልጁ ንባብን የሚያዘወትረው ጭቅጭቁ ስለሚቀርለት ነው። ተፈታኙ ግን «አሉታዊ» የሚለውን «መጥፎ» ብሎ ይረዳና «ቅጣት» የሚለውን መልስ ይመርጣል። ቅጣት ጠባይን ያዳክማል እንጂ አያጠናክርም።

ጥፋቱ የአማርኛ ብቻ አይደለም። ስኪነር ራሱ በ1938 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ይህንኑ ስያሜ ዛሬ ቅጣት ለሚባለው ነገር አውሎት ነበር፤ አሁን የተለመደውን ፍቺ የሰጠው በ1953 እ.ኤ.አ. በወጣው ሥራው ነው። ይህን ውዥንብር ተርጉመን የምንወርስበት ምክንያት አይታየንም። ድርጊቱን በግልጽ የሚናገረው «በማንሣት ማጠናከር» ይሻላል፤ ተጓዳኙም «በመጨመር ማጠናከር» ይሆናል። ረዘመ የሚል ተርጓሚ ይኖር ይሆናል፤ ሆኖም ስያሜው ተፈታኙን «የተነሣው ምንድን ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ያስገድደዋል።