ቢሮ ስትከራዩ ደላላውን በምን ትመርጡታላችሁ?



ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። አንዱ «ነፋስ መውጫ ላይ የሒሳብ ቢሮ ልከፍት ነው፣ ጥሩ ደላላ ታውቃለህ?» ይላል። ሌላው መካነ ኢየሱስ ላይ ለጥብቅና የሚሆን ክፍል ይፈልጋል። ሌላዋ ወደ ወገዳ ተመልሳ ለመሥራት ቆርጣለች፣ ቤት ፍለጋውን ከየት እንደምትጀምር ግን ቸግሯታል። ተምረው አገራቸው ላይ ለመሥራት የሚነሱ ልጆች ናቸውና ጥያቄያቸው ደስ ይለኛል። የደላላ ስም ግን አልሰጥም። ዛሬ ደህና የሠራ ነገ ላይሠራ ይችላል። በምን እንደምትመዝኑት ብነግራችሁ ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

የእኔ መመዘኛ አንድ ነው፦ ካርታው ላይ ስሙ ከተጻፈው ሰው ጋር በቀጥታ የሚያገናኛችሁን ደላላ ያዙ። ስንት ባዶ ቤት ያውቃል፣ ዋጋ ስንት ያስቀንሳል የሚለው ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። አዲስ አበባ ቦሌ ወይም መገናኛ ቢሮ ስትፈልጉ አብዛኛውን ጊዜ የምትገቡት አስተዳደር ያለው ሕንፃ ውስጥ ነው። ዋጋው በካሬ ይነገራችኋል፣ ውሉም ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። በእኛ ከተሞች፣ ነፋስ መውጫም ሆነ አርብ ገበያ፣ መንገድ ዳር ያለው ቤት የቤተሰብ ነው። አባት ሠርተውት አርፈዋል፣ ልጆቹ አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ዓረብ አገር ናት። ቁልፉን የያዘው ከተማው ውስጥ የቀረው ልጅ ነው። ቁልፍ መያዝና ማከራየት መቻል ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ባለፈው ዓመት ፋርማሲ ለመክፈት ካሰበ ወዳጄ ጋር ነፋስ መውጫ ላይ ቤት ስናይ ያገኘነውን ደላላ አልረሳውም። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ጋቢ የደረቡ፣ መንገድ ላይ የማያውቁት ሰው የሌለ ሽማግሌ ናቸው። ከወረታ ወደ ወልዲያ በሚያልፈው አስፋልት ዳር ያለ፣ ግድግዳው አዲስ የተቀባ፣ ሴራሚክ የለበሰ ክፍል አሳዩን። ወዳጄ ወዲያው ወደደው። እኔ ጠየቅሁ።

«ጋሼ፣ ካርታው በማን ስም ነው?»

«በአባታቸው ስም ነው፣ ነፍሳቸውን ይማር። ልጆቹ ግን ተስማምተዋል።»

«ስንት ናቸው?»

«አራት ናቸው። እዚህ ያለው ታናሽየው ብቻ ነው» አሉና ትንሽ አሰቡ። «ቆይ እስኪ» ብለው ስልካቸውን አወጡ፤ አዲስ አበባ ያለችው ታላቅ እህት ጋ ደወሉ። እሷ ቤቱ ሊከራይ መሆኑን አልሰማችም ነበር። ድምፅዋ ከስልኩ ወጥቶ ለእኛም ይሰማ ነበር። ሽማግሌው ስልኩን ዘጉና «ይሄን ተዉት ልጆቼ፣ እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ እኔው እጠራችኋለሁ» ብለው ይዘውን ሄዱ። የዚያን ቀን ኮሚሽናቸው ቀረ። ወዳጄ በኋላ የተከራየው ግን እሳቸው ያመጡለትን ሌላ ቤት ነው፣ እስከ ዛሬም እየሠራበት ነው።

እኚህ ሰው የሕግ ትምህርት የላቸውም። ያደረጉት ግን ሕጉ የሚፈልገውን ነው። የወራሽነት ማስረጃ ሳይወጣ አንዱ ልጅ ብቻውን የሚፈርመው ውል፣ ሌሎቹ በመጡ ቀን ክርክር ነው። ባለቤቱ ሩቅ ሆኖ በወኪል የሚያከራይ ከሆነ ደግሞ ውክልናውን አንብቡት። በ1952 በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጠቅላላ ውክልና የያዘ ሰው ማከራየት የሚችለው ከ3 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ነው። ለ4 ወይም ለ5 ዓመት ልዋዋል ካላችሁ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ከ5 ዓመት የሚበልጥ ኪራይ ደግሞ ካልተመዘገበ በሦስተኛ ወገን ላይ መቃወሚያ አይሆንም። ቤቱን የገዛ ሰው «ውላችሁን አላውቅም» ሊላችሁ ይችላል ማለት ነው። ካርታውን ማየት ለሌላም ይጠቅማል፤ ንግድ ፈቃድ ስታወጡ አብዛኛውን ጊዜ የሥራ አድራሻችሁን በተረጋገጠ የኪራይ ውል እንድታሳዩ ትጠየቃላችሁ፣ ውል አረጋጋጩም መጀመሪያ የሚጠይቀው የባለቤትነት ማስረጃውን ነው።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። «ሁለት ውል እንሥራ» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ተለዩት። አንዱ ውል እውነተኛው ዋጋ ያለበት ሆኖ በእጅ የሚቀመጥ ነው፣ ሌላው ዝቅ ያለ ዋጋ ተጽፎበት ለገቢዎች የሚቀርብ። ለአከራዩ የኪራይ ገቢ ግብር ይቀንስለታል። ለእናንተስ? በየወሩ የምትከፍሉት ትልቅ ገንዘብ በሒሳባችሁ ላይ ወጪ ሆኖ የሚያዝላችሁ በትንሹ ውል ልክ ብቻ ነው፤ የቀረው ማስረጃ የሌለው ገንዘብ ይሆናል። ለአንድ ዓመት ቅድሚያ ከፍላችሁ ግማሹን ሳትጠቀሙ ብትለቁና ገንዘባችሁ ይመለስ ብትሉም፣ የተረጋገጠው ወረቀት የሚናገረው ትንሹን ቁጥር ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ሐሰት ነው። ወጣት ባለሙያ ሥራውን በሐሰት ሰነድ ሲጀምር ማየት ያመኛል።

ደላላው የማን እንደሆነም በግልጽ ጠይቁ። ኒውዮርክን በመሰሉ ከተሞች ቢሮ የሚፈልግ ድርጅት የራሱን ደላላ ይይዛል፣ ባለሕንፃውም የራሱን፤ ሁለቱ ደላሎች ናቸው የሚደራደሩት። በእኛ ዘንድ ደላላው አንድ ነው፣ ከሁለቱም ወገን ይቀበላል። ይህ በራሱ ነውር የለውም። ከማን ስንት እንደሚቀበል ቤት ከማየታችሁ በፊት ይንገራችሁ እንጂ። የ1952ቱ የንግድ ሕግም ደላላን እንደ ነጋዴ ነበር የሚቆጥረው። ስለዚህ ፈቃድ ካለው ደረሰኝ ጠይቁት፣ ከሌለው ቢያንስ ስምምነታችሁን በጽሑፍ ይፈርምላችሁ።

ባንኮች ቅርንጫፍ ማስፋፋት ከጀመሩ ወዲህ መንገድ ዳር ያለውን ምድር ቤት ብዙ ደላላ ለእነሱ ማቆየት ይፈልጋል፤ ረጅም ውል ይዋዋላሉ፣ ቅድሚያም ይከፍላሉ። ስለዚህ ቀብድ ከማስያዛችሁ በፊት ቤቱ ከሌላ ጋር በድርድር ላይ እንዳለ ጠይቁ። ለሒሳብ ወይም ለጥብቅና ሥራ ግን አስፋልት ዳር መሆን ግድ አይደለም፣ አንድ መንገድ ገባ ያለው ክፍል ይበቃል።

ቤቱን ደግሞ ከሰዓት በኋላ እዩት። የጉና ብርድና የነፋስ መውጫ ነፋስ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ለመሥራት ምን እንደሚመስል ጠዋት ፀሐይ ላይ ቆማችሁ አታውቁትም። ቆጣሪው የግል ነው ወይስ ከጎረቤት ሱቅ ጋር የጋራ? ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፤ «አራት በአምስት» የተባለ ክፍል ሲለካ ሌላ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ብዙዎቻችሁ በ2016 የወጣውን የኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320ን፣ እየጠቀሳችሁ ትጽፉልኛላችሁ። ቢያንስ የ2 ዓመት ውል፣ ከ2 ወር ያልበለጠ ቅድሚያ ክፍያ፣ በዓመት አንዴ ብቻ የሚደረግ ጭማሪ የሚሉት ድንጋጌዎች የመኖሪያ ቤትን ነው የሚመለከቱት። ለቢሮ አይሠሩም። «አዋጁ ይጠብቅሃል» የሚል ደላላ ካለ ተሳስቷል። የቢሮ ተከራይን የሚጠብቀው ውሉ ላይ የጻፈው ነው፤ የጭማሪውን ልክ፣ የማስለቀቂያ ማስጠንቀቂያውን፣ የጥገናውን ኃላፊነት በቃል አትተዉት።

በእኛ አካባቢ ደግሞ አንድ አንቀጽ መጨመር አለበት። በነሐሴ 2013 የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ድረስ ገብቶ ነበር። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮም በክልላችን በተነሳው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ሱቅና ቢሮ ሲዘጋ አይተናል። በዚያ ጊዜ ኪራዩ ይቆጠራል ወይስ ይቆማል? ተከራዩ ከተማውን ለቆ ቢሄድ ዕቃው ምን ይሆናል? ውሉ ላይ ይጻፍ። ጥሩ ደላላ ይህን አንቀጽ ለአከራዩ አስረድቶ ሁለታችሁንም ያስማማል። ኮሚሽኑንም የምትከፍሉት ውሉ ተረጋግጦ፣ ቁልፉን ከባለቤቱ ወይም ከሕጋዊ ወኪሉ እጅ በተቀበላችሁ ቀን ይሁን።