ድሬዳዋ–አዲስ አበባ፦ የአንድ ሰዓቱ በረራ

ለንደንና ፓሪስ በቀጥታ መስመር ሲለኩ 344 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። አዲስ አበባና ድሬዳዋም ከዚህ እምብዛም አይለዩም፤ 340 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪና ግን እንደ ወፍ አይሄድም። በአስፋልት 515 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ አዋሽን ተሻግሮ፣ ጭሮን፣ ሂርናንና ቁልቢን አልፎ፣ የደንገጎን ጠመዝማዛ ወርዶ ነው ድሬ የሚገባው። ጎህ ሲቀድ የተነሳ አውቶቡስ ቀኑን ይጨርስበታል።

አውሮፕላን በአንድ ሰዓት ያደርሳል። ይህ ቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ታዲያ አየር ላይ የሚያልፈው ጊዜ ብቻ አይደለም። አውሮፕላኑ ከቆመበት ሲነሳ ይጀምርና መድረሻው ላይ እስኪቆም ድረስ ይቆጠራል፤ ቦሌ ላይ መንደርደሪያ ለመያዝ የሚጠበቀው ተራም እዚያው ውስጥ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለአገር ውስጥ በረራ በብዛት የሚያሰማራው ኪው 400 የተባለውን ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ነው። ፕሮፔለሩን አይተው «ያረጀ ነው እንዴ?» ብለው የሚሰጉ አሉ፤ ስጋታቸው ቦታ የለውም። ባለ ስድስት ምላሱን ፕሮፔለር የሚያዞረው ተርባይን ነው፤ ፍጥነቱም በሰዓት እስከ 660 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ጄት ከዚህ ይፈጥናል፤ ግን በዚህ አጭር መንገድ ላይ ከፍታውን ይዞ ብዙም ሳይቆይ መውረድ ስለሚጀምር የሚያተርፈው ጥቂት ደቂቃ ነው። የኪው 400 ክንፍ ከመስኮቱ በላይ ስለሆነ ሞተሩ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ማረፊያው ሲቃረብ የሞተሩ ሆድ ተከፍቶ ጎማዎቹ ሲወርዱ ያያል።

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ላይ ነው፤ የድሬዳዋው አባ ጤና ደጃዝማች ይልማ ኤርፖርት 1,170 ሜትር ገደማ። በሩ ሲከፈት ሙቀቱ ይህንን ልዩነት ያለ ቁጥር ይናገራል፤ ጃኬት እጅ ላይ የሚቀረው ለዚህ ነው።

መንገደኛው ሌላም አማራጭ አለው፤ ባቡር። የድሬዳዋ አዲሱ ባቡር ጣቢያ መሃል ከተማ ካለው ከአሮጌው ለገሃር ርቆ በመልካ ጀብዱ በኩል ነው የተሠራው። ድሬዳዋን የወለዳት የፈረንሳዮች ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደርሶ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነበር። በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ መስመር መደበኛ ሥራውን የጀመረው በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ሲሆን፣ የተነደፈው በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ለመሮጥ ነው። ለንደንና ፓሪስን የሚያገናኘው ባቡር ከዚህ ሁለት እጥፍ በላይ ይሮጣል፤ በሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ከመሃል ከተማ መሃል ከተማ ስለሚያደርስ ብዙው መንገደኛ ኤርፖርትን ትቶታል። እኛ ጋ ገና ነው። ዕቃ ያለውና ያልቸኮለ ባቡሩን ይያዝ፤ ለቸኮለ ግን አውሮፕላኑን የሚተካ የለም።

ከአዲስ አበባ ስትመጡ መስኮት የምትመርጡ ከሆነ በቀኝ በኩል ያዙ። ሰማዩ ከጠራ መጀመሪያ የፈንታሌ ተራራና እየሰፋ ሄዶ መንገዱንና ሐዲዱን ያስቸገረው የበሰቃ ሐይቅ፣ ቀጥሎም የጨርጨር ተራሮች የሚታዩት በዚያ በኩል ነው።