አዲስ ቀለምና የእኔ ምላስ

ጥፋቴን ልናዘዝላችሁ። ጓደኛዬ ዕቁብ ሲወጣለት አሮጌ ኮሮላውን ሙሉ ቀለም አስቀባት። በሦስተኛው ቀን ወደ ቢሾፍቱ ስንሄድ ጠጠር የጫነ ገልባጭ ከፊታችን ገባ። «ተጠጋውና እለፈው እንጂ! ምን ያስፈራሃል?» ያልኩት እኔ ነኝ። ጠጠሩ ዘነበብን። ኮፈኑ ፈንጣጣ የወጣበት ፊት መሰለ። ጓደኛዬ እስክንመለስ ቃል አልተነፈሰም።

ቀለም ቀቢው ግን መከረን። አዲስ ቀለም ላዩ ቢደርቅም ውስጡ እስኪጠና ሳምንታት ይፈልጋል። እስከዚያ ሰም አይቀባም፤ መከላከያ ፕላስቲክም አይለጠፍም። ከጭነት መኪና ራቁ፤ ኮረኮንች ላይ ቀስ በሉ። ከጎማው ኋላ የጭቃ መከላከያ አስገጥሙ፤ የራስ ጎማም ጠጠር ይወረውራላ! የተፈነቀለውን ሳይዝግ አጽድታችሁ በቀጭን ብሩሽ ቀለም ንኩት።

የኮፈኑን ማስቀቢያ ግማሹን እኔ ከፈልኩ። አሁን መኪናው ውስጥ ስቀመጥ ዝም እላለሁ።