እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ

ዛሬ ምክር ከመስጠቴ በፊት ጥፋቴን ልናዘዝ ነውና ታገሱኝ።

ነገሩ የሆነው ላንጋኖ ነው። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ቅዳሜና እሁድን ልንዝናና አምስት ጓደኛሞች ወርደናል። ከመካከላችን ዊንድ ሰርፊንግ የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። "የምችለው" ስል እንኳ... ሸራውን አንስቼ ሳልወድቅ ትንሽ መሄድ ማለቴ ነው!

ጠዋት ሌሎቹ ሳይነሱ ብቻዬን ገባሁ። ነፋሱ ሸራውን ሞላው፣ ሰሌዳው በረረ፣ ልቤም አብሮ በረረ። ድንገት ቋ! ከሰሌዳው ሥር ያለው ክንፍ ድንጋይ መታና ወደፊት ተወረወርኩ። ጉልበቴ ተላጠ። ውሃው ከወገቤ አያልፍም፤ ድንጋዩ ግን አይታይም። የላንጋኖ ውሃ ደቃቅ አፈር ስለተንሳፈፈበት ቡና በወተት ይመስላል፤ እጃችሁን ብትነክሩ ጣታችሁን አታዩትም።

ለጓደኞቼ ነገርኳቸው? ኧረ የት! "ጉረኛው ወደቀ" ብለው እንዳይስቁብኝ ጉልበቴን በሱሪ ሸፍኜ ቁርሴን በላሁ።

ከሰዓት በኋላ የሁላችን ታናሽ "እስቲ አስተምረኝ" አለኝ። አስተማርኩት። ጥቂት እንደሄደ ሸራውን ለቀቀና እየሳቀ ከሰሌዳው ላይ በጭንቅላቱ ሊጠልቅ እጁን ዘረጋ። እዚያው ቦታ! "ተው!" ብዬ ጮህኩ። ደንግጦ በጎኑ ወደቀ። ትከሻው ተተርትሮ ተሰፋ። አንገቱ ቢሆንስ ኖሮ?

ሊረዱን የመጡ አንድ ዓሣ አጥማጅ አባት፣ "ልጆቼ፣ ይሄን ድንጋይ እኮ እዚህ ሕፃኑም ያውቀዋል። ምነው ሳትጠይቁ?" አሉን። እኔ ግን ሳልጠይቅም አውቀው ነበር።

እና ምን ይሻላል ካላችሁ፣

ሸራ ከማንሳታችሁ በፊት ጫማ አድርጋችሁ፣ ረጅም ዱላ ይዛችሁ ዳር ዳሩን በእግራችሁ ዳስሱ። አምና አውቀዋለሁ አትበሉ፤ ሐይቁ ክረምትና በጋ ከፍና ዝቅ ስለሚል አምና ከላዩ ያለፋችሁበት ድንጋይ ዘንድሮ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

መረብ የት እንደተዘረጋ ዓሣ አጥማጆቹን ጠይቁ።

መውደቅ አይቀርም። ስትወድቁ በጀርባችሁ ወይም በጎናችሁ በዝርግ ውደቁ። በእግር መዝለል ይቅርባችሁ፣ በጭንቅላት መጥለቅማ ጨርሶ አይታሰብ!

ተንሳፋፊ ሰደርያ ልበሱ። ነፋሱ ቢያሸንፋችሁም ሰሌዳውን ትታችሁ አትዋኙ፤ እሱ ጀልባችሁ ነው።

አንገቱን የተመታ ሰው ቢያጋጥማችሁ ፊቱን ከውሃ በላይ አድርጋችሁ፣ ራስና አንገቱን ሳታነቃንቁ ያዙና ርዳታ ጥሩ። አትጎትቱት።

ማታ ለጓደኛዬ እውነቱን ነገርኩት። ዝም ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ለሁለት ሳምንት አላነጋገረኝም። አልፈርድበትም። ዛሬ ታርቀናል፤ ጠባሳው ግን ሸሚዙን ባወለቀ ቁጥር ያየኛል።

ወገኖቼ፣ ውሃው ድንጋዩን ቢደብቅ ተፈጥሮው ነው። እኛ ግን የተላጠ ጉልበታችንን አንደብቅ። ይሳቅብን! ሳቅ ትከሻ አያሰፋም።